ከጋዜጣ ወደ ጉባኤ፦ ፎቶ ጋዜጠኛ መምህር ሲሆን



ዛሬ የምናገረው አንድ ሰው በአንድ ሙያ ውስጥ ስለሚኖሩት ሁለት ዕድሜዎች ነው። በመጀመሪያው ዕድሜ ካሜራውን ይዞ ነገር ወደ ተፈጠረበት ይሮጣል፤ ጦርነት፣ ረኃብ፣ ምርጫ፣ በዓል ሳይል አንሥቶ ለጋዜጣ ያደርሳል። በሁለተኛው ዕድሜ አንድ ቦታ ተቀምጦ ሌሎችን ያስተምራል። ብዙ ሰው ሁለተኛውን እንደ ጡረታ ያየዋል፤ ጉልበት ሲደክም የሚገባበት የዕረፍት ጥላ ይመስለዋል። እኔ ግን የሙያው ፍሬ የሚታየው በዚህ በሁለተኛው ዕድሜ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ፎቶ ጋዜጠኛ በዕድሜው ሙሉ የሚያነሣው በሁለት ዓይን ነው። ሃያ ተማሪ ካስተማረ ግን እሱ ያልደረሰበትን ቦታ ሁሉ የሚያይ ዓይን ለአገሩ ተወ ማለት ነው።

ስለ መምህርነት በደብረ ኤልያስ መናገር ለቀባሪው ማርዳት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። ይህ ቦታ የቅኔ ጉባኤ ተዘርግቶበት የኖረ፣ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ከሩቅ የሚመጣበት አገር ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል። ስለዚህ የመምህርን ዋጋ ላስረዳችሁ አልመጣሁም። የመጣሁት እናንተ በምታውቁት ሚዛን አንድ አዲስ ሙያ እንድትመዝኑልኝ ነው።

በመጀመሪያ ሙያውን እንየው። የሠርግ ፎቶ አንሺ ሙሽሮቹን ያቆማል፣ ልብሳቸውን ያስተካክላል፣ ፈገግ በሉ ይላል፤ ተገቢ ሥራው ነው። ፎቶ ጋዜጠኛ ግን ማንንም አያቆምም። የሆነውን እንደሆነ ይዞ ይመጣል፤ ከፎቶው ሥር ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን ሲያደርግ እንደነበረ ይጽፋል። በፎቶው ላይ አይጨምርም፣ ከፎቶው አይቀንስም። ሥራው ምስክርነት ነውና ምስክር የሚጠየቀውን ሁሉ ይጠየቃል።

አሁን አንድ ከባድ ጥያቄ ላንሣ። እኛን ሲያነሡን የኖሩት እነማን ናቸው?

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አጼ ቴዎድሮስን ሊወጋ ወደ መቅደላ ሲመጣ ፎቶ የሚያነሡ መሐንዲሶች አብረውት ነበሩ። ከመጀመሪያዎቹ የአገራችን ፎቶግራፎች ብዙዎቹ የተነሡት በዚያ ዘመቻ ነው። በዚያው ዓመት የንጉሡ የሰባት ዓመት ልጅ ደጃዝማች ዓለማየሁ አባቱንም እናቱንም አጥቶ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ እዚያም ዝነኛዋ ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን አነሣችው። ፎቶዎቹ ዛሬም አሉ። ልጁን እናየዋለን፤ ልጁ ግን ስለዚያ ቀን ምን ይል እንደነበር የጠየቀው የለም። ወደ አገሩ ሳይመለስ በ18 ዓመቱ ሞተ።

ቀጥሎ ካሜራ ቤተ መንግሥት ገባ። በአጼ ምኒልክ ዘመን የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሙያውን ወረሱ። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ በአንድ ቤት ውስጥ ተላለፈ። ትምህርት ቤት ገብቶ ለሚፈልገው ሁሉ የሚዳረስበት ጊዜ ገና ሩቅ ነበር።

በ1965 ዓ.ም. አንድ ትልቅ ነገር ሆነ። ወሎ በረኃብ እያለቀ መንግሥት ዝም ባለበት ጊዜ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶ ይዘው ተመለሱ። ፎቶዎቹ በዩኒቨርሲቲው ለእይታ ቀረቡ፤ ተማሪውም ተነሣ። ይህን ታሪክ አጥብቄ የማነሣው መምህርነትና ፎቶ ጋዜጠኝነት በአገራችን የተገናኙበት ዋና ቦታ ስለሆነ ነው። እነዚያ መምህራን የጋዜጣ ሠራተኞች አልነበሩም። እውነቱን ለተማሪዎቻቸው ማሳየት የመምህር ግዴታ ነው ብለው ግን ካሜራ ያዙ።

ከወራት በኋላ፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም.፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረኃብ በፊልም ለዓለም አሳየ። ያ ፊልም በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ምስል ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ በአገራችን የለም። አንድ ሰው የቀረጸውን ሌላ ሰው ቆርጦ ቀጥሎ ለሌላ ዓላማ ሊጠቀምበት እንደሚችልም ከዚሁ እንማራለን።

በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ኬንያዊው መሐመድ አሚን ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ኮረም ገባ። የቀረጸው ፊልም ዓለምን አስለቀሰ፣ እርዳታ አስመጣ፣ ብዙ ነፍስ አዳነ። ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ያ ምስል ረኃቡ ካለፈም በኋላ አላለፈም። ለብዙ ዓመታት ዓለም ኢትዮጵያን የሚያውቃት በዚያ አንድ ገጽታ ብቻ ሆነ። እነዚያ የታዩት ሰዎች እናት፣ ገበሬ፣ ቄስ፣ ተማሪ ነበሩ። በስማቸው ግን ማንም አልጠራቸውም።

ከዚያ ረኃብ ተጎጂዎች መካከል ግን ስሟ የታወቀ አንዲት ልጅ አለች። ብርሃን ወልዱ በዚያው የረኃብ ዘመን በካናዳ የቴሌቪዥን ቡድን ስትቀረጽ ነፍሷ ልትወጣ ደቂቃዎች የቀሯት ትመስል ነበር። ፊልሙ ለዓለም ያሳየው ያንን ነው። ብርሃን ግን ዳነች፣ አደገች፣ ተማረች፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ለንደን ላይ በላይቭ 8 የሙዚቃ ኮንሰርት መድረክ ቆመች። ስሟን የጠየቀና ተመልሶ የፈለጋት ጋዜጠኛ ባይኖር ኖሮ እስከ ዛሬ የሞተች ልጅ ሆና በቀረች ነበር። ተመልሶ መጠየቅ ደግሞ በተፈጥሮ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ የሚያስተምረው ሰው ይፈልጋል።

እዚህ ላይ የአንዲት ኢትዮጵያዊት ባለሙያ ሕይወት ላንሣ። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ተወለደች። ገና በልጅነቷ ከአገር ወጥታ በየመንና በቆጵሮስ ኖረች፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ካናዳ ገባች። ዓመተ ምሕረቱን ልብ በሉ፤ የኮረም ምስል በየቤቱ ቴሌቪዥን በታየ ማግስት ነው። ከኢትዮጵያ መጣሁ የሚል ልጅ ሁሉ ያን ምስል ተሸክሞ ነበር የሚዞረው። አይዳ ከፎቶ ጋር የተዋወቀችው እዚያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለች፣ ፊልም በሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ነው። ከዚያም ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምራ እ.ኤ.አ. በ2000 ተመረቀች፤ በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣም በፎቶ ጋዜጠኝነት ሠራች።

ዋሽንግተን ፖስትን የመሰለ ጋዜጣ ላይ የደረሰ ባለሙያ እዚያው ቢቀር ማን ይወቅሰዋል? አይዳ ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ አገሯ ተመለሰች። በዚያው ዓመት በባማኮ የአፍሪካ ፎቶግራፍ ጉባኤ የአውሮፓ ኅብረትን ሽልማት አገኘች። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ፌስቲቫል አዲስ አበባ ላይ መሠረተች፤ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ ሆነ። የዩኒቨርሲቲ ክፍል እስኪከፈት አልጠበቀችም፤ ለወጣቶች ሥልጠና ሰጠች፣ ሥራቸውን ከውጭ አገር አርታኢዎችና ባለሙያዎች ፊት የሚያቀርቡበት መድረክ አዘጋጀች። ከዚያ በፊት ኢትዮጵያዊ ወጣት ሥራውን ለማሳየት ቪዛ መጠየቅ ነበረበት። በፌስቲቫሉ ግን የዓለም ባለሙያ ወደ አዲስ አበባ መጣ።

የራሷም ሥራ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአፋር ዳሎል ላይ ስለ ውኃና ውኃ ስለምትቀዳ ሴት የሠራቻቸው ደማቅ ቀለም ያላቸው ፎቶግራፎች በዓለም ዞረዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል የሰላም ሽልማት ዐውደ ርእይን በጋራ ካዘጋጁት መካከል ነበረች፤ ጥቁር ሴት ይህን ስታደርግ የመጀመሪያዋ ነች። ታሪኳን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅልል ብባል የምለው ይህን ነው፦ ስለ አገሯ በተሠራው ምስል ላይ ቅሬታ ነበራት፤ ቅሬታዋን በጽሑፍ ከማሰማት ይልቅ ሌላ ምስል የሚሠሩ ሰዎች አወጣች።

እንዲህ ያለ መንገድ የሄዱ ሌሎችም አሉ። ሻሂዱል ዓለም የባንግላዴሽ ሰው ነው። ለንደን ላይ በኬሚስትሪ የዶክትሬት ዲግሪ አግኝቶ ሲያበቃ ካሜራ ይዞ ወደ ዳካ ተመለሰ። ባንግላዴሽም እንደ እኛ በዓለም ፊት የምትታወቀው በጎርፍና በረኃብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ድሪክ የተባለ የፎቶ ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ፓትሻላ የተባለ የፎቶግራፍ ትምህርት ቤት ከፈተ። ዛሬ የባንግላዴሽን ታሪክ ለዓለም የሚያነሡት በአብዛኛው የባንግላዴሽ ልጆች ናቸው። ደቡብ አፍሪካዊው ዴቪድ ጎልድብላትም አፓርታይድ ሳይወድቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1989፣ ጆሃንስበርግ ላይ ማርኬት ፎቶ ወርክሾፕን መሠረተ፤ በቆዳ ቀለማቸው ምክንያት የትምህርት ደጅ ለተዘጋባቸው ወጣቶች በሩን ከፈተላቸው።

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለ ማስተማር ደግሞ የኤላይ ሪድን ታሪክ አንሡ። ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በጋዜጣ ሠርቷል፣ የቤይሩትን ጦርነት አንሥቷል፣ በታላቁ የፎቶ ጋዜጠኞች ማኅበር በማግነም ውስጥ ከጥቁሮች የመጀመሪያው አባል ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2005 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን ላይ የፎቶ ጋዜጠኝነት ፕሮፌሰር አድርጎ ወሰደው። ወደ ክፍል የገባው በሜዳ ከሠራ በኋላ ነው።

የጋዜጣ ኑሮ ራሱም ዋስትና የለውም። ጆን ኤች. ዋይት በቺካጎ ሰን ታይምስ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1982 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ፤ ጎን ለጎን ቺካጎ በሚገኝ ኮሌጅ ለብዙ ዓመታት አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ2013 ጋዜጣው 28 ፎቶ አንሺዎቹን በአንድ ቀን ሲያሰናብት ዋይትም ከእነርሱ ጋር ነበር። የጋዜጣ ሥራው በአንድ ቀን ቀረ። ያስተማራቸውን ግን ማንም ሊያሰናብትበት አይችልም።

ታዲያ ተማሪዎች በፎቶ ክፍል ውስጥ ምን ይማራሉ? ካሜራ ሁሉም እጅ ላይ አለ፤ በኪሳችሁ ያለው ስልክ እንኳ ያነሣል። ምን የሚማሩት ነገር ቀረ? በእናንተው አገር ምሳሌ ላሳያችሁ።

የስንዴ ውቂያ ነው እንበል። መምህሩ ተማሪውን ወደ አውድማው ይልከዋል። ተማሪው በእኩለ ቀን ይደርሳል፤ ፀሐይ ከአናት ላይ ስለሆነች የገበሬው ዓይን በግንባሩ ጥላ ይዋጣል። ያነሣው ፎቶ ፊት የሌለው ሰው ይሆናል። መምህሩ «ዐሥር ሰዓት አካባቢ ተመለስ፤ ፀሐይ ዘቅዘቅ ትበልና ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፤ ያኔ ፊቱ ይገለጥልሃል» ይለዋል። ተማሪው ይመለሳል። ገበሬው በመንሽ ሲያዘራ፣ ነፋሱ ገለባውን ሲወስድ ያነሣል። ካሜራው በአንድ ሺህኛ ሰከንድ ቢከፈትና ቢዘጋ እያንዳንዷ ፍሬ በአየር ላይ ቆማ ትታያለች። በሠላሳኛ ሰከንድ ቢሆን ግን ገለባው እንደ ጭስ ተስቦ ይታያል። ሁለቱም ውሸት አይደሉም፤ የትኛው የዚያን ሰው ድካም እንደሚናገር ግን ተማሪው አስቦ መምረጥ አለበት።

ቀጥሎ መምህሩ ይጠይቃል፦ «የዚህ ሰው ስም ማነው?» ተማሪው «ገበሬ ነው» ይላል። መምህሩ ፎቶውን ይመልስለታል። የሰውየው ስም ከነአባቱ፣ ቀበሌው፣ ቀኑ፣ የሚያዘራው እህል፣ እርሻው የራሱ ይሁን የእኩል፣ ይህ ሁሉ እስኪጻፍ ድረስ ሥራው አላለቀም። ኮረም ላይ የጎደለው ይህ ነበር። ፈቃድ መጠየቅም አለ። ያዘነን ሰው፣ የታመመን ሰው፣ ልጅን ስታነሣ ፎቶው ነገ በጎረቤት ፊት ምን ያደርገዋል ብለህ መጠየቅ አለብህ። አንዳንድ ጊዜ ጥሩው ፎቶ ጋዜጠኛ ካሜራውን ዝቅ የሚያደርገው ነው። ይህን ማንም በመመሪያ መጽሐፍ አይማረውም፤ አድርጎት ከሚያውቅ ሰው ብቻ ይማረዋል።

የሐዘን ፎቶ መነሣት የለበትም ማለቴ አይደለም። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሲሞቱ፣ የአሶሼትድ ፕሬሱ ሙሉጌታ አየነ በአደጋው ስፍራ አንዲት የሟች ዘመድ አፈር በፊቷ ላይ ስትበትን አነሣ። ፎቶው እ.ኤ.አ. በ2020 ለዓለም ፕሬስ ፎቶ የዓመቱ ምርጥ ሥራ ከታጩት ስድስት አንዱ ሆነ። የአገራችንን ለቅሶ የሚያውቅ ዓይን ነው ያነሣው፤ ኢትዮጵያዊት እናት እንዴት እንደምታዝን የሚያውቅ ሰው ሐዘኑን ለትርኢት አያውለውም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው መረጣ ነው። ተማሪው ሁለት መቶ ፎቶ ይዞ ይመጣል። መምህሩ አንድ በአንድ እያየ ይህ ለምን? ይህስ ምን ጨመረ? ይላል። ይህን ሥርዓት እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። የቅኔ ተማሪ ሌሊቱን ቆጥሮ ያደረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ይሰማል፣ ያቃናል፤ ቤቱ ሲሰበር ምሥጢሩም እንደሚጠፋ ያሳየዋል። ተማሪው በሚቀጥለው ቀን የተሻለ ይዞ ይመጣል። የፎቶ ክፍልም እንዲህ ነው። ቅኔ በማንበብ ብቻ ባለቅኔ የሆነ የለም፤ በማቃናት ነው የሚወጣው። ፎቶ ጋዜጠኛ መምህር መሆን ያለበትም ለዚህ ነው። ሜዳ ወርዶ የማያውቅ ሰው ስለ ሌንስ ማስተማር ይችላል፤ የተማሪውን ሥራ ማቃናት ግን አይሆንለትም።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ፈተና መጥቷል። ኮምፒውተር ያልነበረን ሰው፣ ያልሆነን ነገር ምስል በሰከንዶች ይሠራል። በስልካችን ላይ የምናየው ሁሉ እውነት ይሁን ሐሰት መለየት ከባድ ሆኗል። በአንድ ሐሰተኛ ፎቶ ጎረቤት ከጎረቤት ሊጋጭ ይችላል። ስለዚህ የፎቶ ትምህርት ለሚያነሡት ብቻ ሳይሆን ለምናየውም ለሁላችን ነው። ይህ ፎቶ መቼ ተነሣ? ማን አነሣው? የሌላ አገር ፎቶ ይሆን? ጥላው ከብርሃኑ ጋር ይስማማል? ብሎ የሚጠይቅ ሕዝብ በቀላሉ አይታለልም። ይህን ጥያቄ በክፍል ማስተማር የሚችለው፣ በሕይወቱ ሙሉ እውነተኛ ፎቶ ለማንሣት ሲደክም የኖረ ሰው ነው።

ይህ ክፍል የት ይሁን? አዲስ አበባ ላይ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በ1943 ዓ.ም. ተጀመረ። ዛሬ ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት ያስተምራል፤ እዚያው ባሕር ዳር በኵር ጋዜጣ ይዘጋጃል። ቤቱ አለ፤ የሚያስፈልገው በሩን ሰፋ ማድረግ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን መምህር ሲቀጥሩ አስቀድመው የሚጠይቁት የዲግሪ ደረጃን ነው። ዲግሪ መልካም ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። ነገር ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት በየገጠሩና በየግንባሩ የሠራ ባለሙያ ሁለተኛ ዲግሪ ስለሌለው ብቻ ከክፍል ውጭ ቢቀር፣ የምናጣው የአንድን ሰው ደመወዝ የሚያህል ትንሽ ነገር አይደለም። ያ ሰው ያየውንና የተማረውን ሁሉ፣ ስሕተቱንም ጭምር፣ ይዞት ይሄዳል። ለእንዲህ ያለ ባለሙያ በሥራው የሚለካ የመምህርነት ማዕረግ ይሰጠው፤ ቢያንስ በየሴሚስተሩ የሚጋበዝበት መንገድ ይከፈት። ዕድሜው የገፋ ባለሙያም ኔጋቲቩን፣ ፎቶውንና የጻፈውን መግለጫ ለዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ያስረክብ፤ ተማሪ ከእነዚያ ይማራል፣ ታሪክ ጸሐፊም ይጠቅሳቸዋል።

ባለሙያዎቹንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ብዙዎች ዕውቀታቸውን ይዘው ዝም ይላሉ። ማስተማር ከሜዳ የሚያርቃቸው ይመስላቸዋል፤ ወይም ተማሪው ነገ ተቀናቃኝ ይሆንብኛል ብለው ይሠጋሉ። የጎጃም መምህራን እንዲህ ቢያስቡ ኖሮ ቅኔ እስከ ዛሬ ባልደረሰ። ጥሩ ተማሪ ለመምህሩ ስም ነው።

እናንተ ወላጆች ደግሞ ልጃችሁ ፎቶ ልማር ቢላችሁ ሥራ ፈት አትበሉት። ልጅቷም ብትጠይቃችሁ ይህ የወንድ ሥራ ነው አትበሏት፤ ስለ አይዳ የነገርኳችሁን አስታውሱ። በቤታችሁ ያሉትን የድሮ ፎቶዎች አውጡና በጀርባቸው ስም፣ ቦታና ዓመት ጻፉባቸው፤ አያት በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው። ለልጆቻችሁ የምትሰጡት የመጀመሪያ የፎቶ ትምህርት ይህ ይሆናል።

የዚህ አካባቢ አውድማ፣ ጉባኤ፣ ገበያና ሐዘን ለዓለም መታየቱ አይቀርም፤ ካሜራ የማይደርስበት ቦታ የለም። ያልተወሰነው የሚያሳየው ማን እንደሚሆን ነው። ከደብረ ኤልያስ፣ ከቢቸና ወይም ከሞጣ የወጣ፣ የሰውን ስም የሚጠይቅና የማይዋሽ ፎቶ ጋዜጠኛ ከዐሥር ዓመት በኋላ እንዲኖረን ከፈለግን፣ የሚያስተምረውን ሰው መፈለግና በክፍል ማስቀመጥ ያለብን ዛሬ ነው።